ላ ዱዋ ካምፓስ ለሚገባ ተማሪ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጣጣ በቅደም ተከተል እንዴት መጨረስ ይቻላል

ላ ዱዋ በፈረንሳይ ከሊዮን ጋር ተያይዛ በምትገኘው በቪለርባን ከተማ ያለ የሳይንስና የምህንድስና ግቢ ነው። ስፋቱ 100 ሄክታር ገደማ ይሆናል። የሊዮን 1 ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክፍሎች፣ ኢንሳ የሚባለው የምህንድስና ትምህርት ቤት እና በርካታ የምርምር ላቦራቶሪዎች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው። አዲስ ገቢን መጀመሪያ የሚያደክመው ፊዚክሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ ሌላው ቢሮ የሰጠውን ማስረጃ ይጠይቃል። ከየት እንደሚጀመር ካወቃችሁ ግን የወር ሥራ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

1. ከአገር ቤት ሳትወጡ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁሉም በላይ ለእኛ አገር ተማሪ ችግር የሚሆነው ይህ ነውና። ፈረንሳይ ውስጥ ማንኛውም ቅጽ ሁለት ሳጥን አለው፦ «ኖም» የቤተሰብ ስም፣ «ፕሬኖም» የራስ ስም። ለእኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። ሰላም ታደሰ ወልዴ የምትባል ተማሪ አንዱ ቅጽ ላይ ታደሰን፣ ሌላው ላይ ወልዴን «ኖም» ብላ ከሞላች ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርታችሁ በቤተሰብ ስም ቦታ ያሰፈረውን፣ ፊደሉን ሳትቀይሩ፣ በሁሉም ቦታ ድገሙት። አንድ «ኤች» እንኳ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ትራንስክሪፕታችሁ ከፓስፖርቱ የሚለይ ከሆነ ዩኒቨርሲቲያችሁን አስተካክሉልኝ በሉ፤ ከፈረንሳይ ሆኖ ማስተካከል የብዙ ሰው ደጅ መጥናት ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ። መስከረም 1 ቀን 1998 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ነው፤ ፈረንሳዮች 11/09/2005 ብለው ይጽፉታል፣ ቀኑ ከወሩ ይቀድማል። ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። በፈረንሳይ የሚሰጣችሁ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ከልደታችሁ የሚሠራ ነው። ሴት ከሆናችሁ በ2፣ ወንድ ከሆናችሁ በ1 ይጀምራል፤ ቀጥሎ የልደት ዓመትና ወር፣ ከዚያም ውጭ አገር ለተወለደ ሰው 99። ሰላም በዚያ ቀን የተወለደች ብትሆን ቁጥሯ 2 05 09 99 ብሎ ይጀምራል። ወሩ ከተሳሳተ ስህተቱ ሐኪም ቤትም ሥራ ቦታም ይከተላችኋል።

የወላጆቻችሁ ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የፈረንሳይኛ ትርጉም ሲጠየቅ በፈረንሳይ ፍርድ ቤት የተመዘገበ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራው ይሁን። እኔ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ለተራ ተርጓሚ ሰጥቼ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

2. ከአውሮፕላን ማረፊያ ግቢው ድረስ

ከሊዮን ሴንት ኤግዙፔሪ አውሮፕላን ማረፊያ ሮንኤክስፕሬስ የሚባለው ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ፓርት ዲዩ ጣቢያ ያደርሳችኋል። የሚያወርዳችሁ በጣቢያው ምሥራቅ በኩል ነው። ጣቢያውን አቋርጣችሁ ወደ ምዕራቡ፣ ቪቪዬ ሜርል ወደሚባለው በር ውጡና «ኢዩቴ ፌሲን» የሚል የተጻፈበትን ቲ1 ትራም ያዙ። ለሊዮን 1 «ዩኒቨርሲቴ ሊዮን 1»፣ ለኢንሳ «ላ ዱዋ ጋስቶን በርጄ» ወይም «ኢንሳ አንሽታይን» ላይ ውረዱ።

ጋስቶን በርጄ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ፦ በፈረንጆቹ በ1896 ሴኔጋል፣ ሴንት ሉዊ ከተማ የተወለደ ፈላስፋ ነው። በ1957 ኢንሳን ከዣን ካፔል ጋር ያቋቋመው እሱ ነው፤ መሐንዲስ የሰውን ነገርም መማር አለበት ብሎ ስለሚያምን ከመካኒክስ ጎን የሰው ሳይንስ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ። አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሰው ስም ያለበት ፌርማታ ላይ ወርዶ ምህንድስና መማር እኔን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

3. ክፍላችሁን ተረከቡ፤ ቁልፉ ወረቀቱ ነው

የተማሪ መኖሪያ የሚያስተዳድረው ክሩስ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ክፍሉን ስትረከቡ «ኤታ ዴ ልዩ» የሚባል ቅጽ ይሰጣችኋል፤ የክፍሉን ሁኔታ የሚመዘግብ ነው። ቸኩላችሁ አትፈርሙ። የመታጠቢያውን ቧንቧ ክፈቱ፣ የምድጃውን ሁለቱንም ምጣድ አብሩ፣ ፍራሹን ገልብጡ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ይገጥም እንደሆነ እዩ። የተሰነጠቀ፣ የቆሸሸ፣ የጠፋ ካለ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ፎቶም አንሱ። ስትወጡ ያልተጻፈው ሁሉ ከመያዣ ገንዘባችሁ ሊቆረጥ ይችላል።

በዚያው ቀን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የቤት መድን ማስረጃ እንድታስገቡ የተፈለገው መቼ እንደሆነ፣ እና «አቴስታሲዮን ደ ሎዥማን»፣ ማለትም እዚህ ይኖራል የሚል ማረጋገጫ። ይህችን ወረቀት አምስት ኮፒ አድርጓት። ባንኩ፣ የጤና መድኑ፣ የትራንስፖርት ካርዱ ሁሉ የሚጠይቋት እሷን ነው። አድራሻችሁ ሊዮን ሳይሆን 69100 ቪለርባን ነው፤ ፖስታ እንዳይጠፋባችሁ ስማችሁን የፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ።

4. ምዝገባ

ሴቬሴ የሚባለውን የተማሪ ሕይወት መዋጮ በኢንተርኔት ከፍላችሁ ማስረጃውን ሳትይዙ ምዝገባ አይጠናቀቅም። በፈረንጆቹ በ2025-26 የትምህርት ዘመን 105 ዩሮ ነበር። ከዚያ የተማሪ ካርዱ ይመጣል፤ ቤተ መጻሕፍት የምትገቡበት በሱ ነው።

5. ባንክ፣ ቪዛ፣ ጤና

የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ «ሪብ» የሚባለውን የሒሳብ ዝርዝር ወረቀት ተቀበሉ፤ ገንዘብ የሚመልስላችሁ ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው። የረጅም ጊዜ ተማሪ ቪዛችሁን በደረሳችሁ በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማጽደቅ ግዴታ ነው። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ስላለ ብቻ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አላለቀም። ከዚያ አሜሊ በሚባለው የፈረንሳይ የጤና መድን ድረ ገጽ፣ በውጭ ተማሪዎች ገጽ የጤና መድን ትመዘገባላችሁ፤ ለተማሪ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጣል፣ የልደት ወረቀቱ ሲጣራ ቋሚው ይተካዋል። ሥራ ለምትፈልጉ ደግሞ ተማሪ በዓመት እስከ 964 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል።

6. ወደ ክፍል

የትምህርት ፕሮግራሙ ላይ ሦስት ምልክት ታያላችሁ። ሴኤም በትልቅ አዳራሽ የሚሰጥ ንግግር ነው። ቴዴ በትንሽ ክፍል ጥያቄ የሚሠራበት ነው፤ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ ሞክሩ፣ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሊጠራችሁ ይችላል። ቴፔ ላቦራቶሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር ጥንድ ሆናችሁ ትሠራላችሁ፣ ሪፖርቱም የጋራ ነው። ለኬሚስትሪ የጥጥ ነጭ ጋዋን ግዙ፤ ሰው ሠራሹ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። 14 ሰዓት ሲባል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ 8 ሰዓት ሲባል ደግሞ ከጠዋቱ 2። ስልካችሁን በኢትዮጵያ ሰዓት የምትጠቀሙ ይህን ካላስተካከላችሁ የመጀመሪያው ቴፔ ያመልጣችኋል።

ውጤት ከ20 ነው። 10 ማለፊያ ነው፣ 14 ያገኘ ጥሩ ሠርቷል ይባላል። አገር ቤት ዘጠናዎቹን የለመዳችሁ 12 ስታዩ አትደንግጡ፤ ጎናችሁ ያለውን ልጅ ውጤት ጠይቁና እዩ።

7. ቀኑን አሁኑኑ መዝግቡ

ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቀው ከዚያ ቀን በፊት ባሉት አራተኛውና ሁለተኛው ወር መካከል ነው፤ ስለዚህ ማስታወሻውን አራት ወር ቀደም ብሎ እንዲጮህ አድርጉት። የመኖሪያ ማረጋገጫውን፣ የምዝገባውን፣ የውጤቱን፣ የልደቱን ወረቀት አንድ ላይ ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፣ የፋይሉንም ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉት።