ስለ ቻይና ፒጂን ሲወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዋናው ስህተት ፒጂንን፣ ቻይናውያንና ምዕራባውያን ነጋዴዎች ይግባቡበት የነበረውን ቅይጥ ቋንቋ፣ «የተሰባበረ እንግሊዝኛ» ብሎ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1757 እስከ 1842 ምዕራባውያን ነጋዴዎች የሚፈቀድላቸው ወደብ ካንቶን፣ የዛሬዋ ጓንግዡ፣ ብቻ ነበር። ከሻይ ሻጩ ጋር ዋጋ የሚቆርጡት በፒጂን ነበር። ቃሉ ራሱ «ቢዝነስ» የሚለው በቻይናውያን አፍ ተለውጦ የመጣ ነው ይባላል።

ታዲያ ሥርዓት ነበረው። አንድ ሰው ለማለት «ዋን ፒሲ ማን» ይሉ ነበር። ፒሲ (ኮምፒውተሩ አይደለም!) አፍ አዳልጧቸው የገባ ቃል አይደለም። በቻይንኛ ቁጥርና ስም መሀል መቁጠሪያ ቃል ግድ ነው። እኛ «ሁለት ራስ ሽንኩርት» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እነሱ ግን ሰውም ይሁን መጽሐፍ አይቀርላቸውም። ፈረንጁም እንግሊዝኛዬ ነው ብሎ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ መልመድ ነበረበት።

ሌላው፣ ሚሲዮናውያኑ በፒጂን የሰበኩ የሚመስለን አለን። በፒጂን አምላክም ጣዖትም «ጆስ» ነው፤ ከፖርቱጋልኛ የመጣ ቃል። ቄሱ ደግሞ «ጆስ ፒጂን ማን» ይባል ነበር፣ የአምላክ ቢዝነስ ሰው እንደማለት። በዚህ ቋንቋ ምሥጢረ ሥላሴን አስረዳ ቢሉህስ?

«ታዲያ ለምን ቻይንኛውን ቶሎ አልተማሩም?» ማለትም ስህተት ነው። ለባዕድ ቻይንኛ ማስተማር ክልክል ነበር። በ1759 ጄምስ ፍሊንት የሚባል እንግሊዛዊ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በቻይንኛ የጻፈለት ሰው አንገቱ ተቀልቷል። ሚሲዮናዊው ሮበርት ሞሪሰን በ1807 ካንቶን ሲደርስ አስተማሪዎቹ በፍርሃት ነበር የሚያስተምሩት። አንዱማ ቢያዝ የሚውጠው መርዝ ይዞ ይዞር ነበር ይባላል።

የመጨረሻው፣ ቃላት ከሸመደዱ በቂ ነው ማለት። ቻይንኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለውጣል። እኛ «አለ» ስንል ጠበቅ ካላደረግነው «ተናገረ» ይሆናል አይደል? የእነሱ ደግሞ ይብሳል። ካቶሊኮቹ እግዚአብሔርን «ቲየንዡ»፣ የሰማይ ጌታ፣ አሉት። «ዡ» በሌላ ቃና አሳማ ነው። ይህንን ግን የፈረንጆቹ ምላስ ብቻ ያመጣው ጣጣ አድርጎ ማየት አይገባም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የክርስትና ተቃዋሚዎች ሆን ብለው ተጠቀሙበት፤ በራሪ ሥዕሎቻቸው ላይ መስቀሉ ላይ የሣሉት አሳማ ነበር።