አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት) ለመጫን ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ብዙውን ጊዜ «ማሽኑ አብቅቶለታል» ብሎ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። ይህ ያሳዝነኛል። እጄ ላይ ከገቡት እምቢተኛ ላፕቶፖች መካከል በእውነት ዕድሜ ያሸነፋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት የተሰናከሉት ገና ጭነቱ ሳይጀመር በተሠራ ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ፕሮሰሰሩን ሳያጣሩ አዲሱን እትም ማውረድ ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር የያዙ ላፕቶፖችን ታዋቂዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አንድ በአንድ ተሰናብተዋቸዋል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የ32 ቢት የዴስክቶፕ ማስጫኛ ማዘጋጀት አቆመ፤ ሊኑክስ ሚንት በ2020 በወጣው 20ኛ እትሙ ተከተለው፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13ም ይህን ማስጫኛ አልያዘም። ለእነዚህ ማሽኖች ዴቢያን 12ን ወይም በእርሱ ላይ የተገነባውን አንቲኤክስ 23ን መሞከር ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ፕሮሰሰሩም እንደዚያው ነው ማለት አይደለም። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይዘው ከባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ጋር የተሸጡ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። የፕሮሰሰሩን ሞዴል ቁጥር አንብበው ያረጋግጡ።

የወረደውን የአይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም ሙሉውን ማስጫኛ የያዘውን ፋይል፣ እንደ ፎቶግራፍ ወይም እንደ ሙዚቃ ፍላሽ ላይ መቅዳትም አይሠራም። ፋይሉ ኮምፒውተሩን ማስነሳት በሚችል መልኩ ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም መጻፍ አለበት፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋም አስቀድመው ይወቁ። ከመጻፍዎ በፊት የፋይሉን የሻ 256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳይ መለያ) አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ያስተያዩ። ጭነቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ ብዙ ሰው ሃርድ ዲስኩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ሳይሟላ የወረደ ፋይል ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ፍላሹን ጨርሶ ካላየው ደግሞ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ከዩኤስቢ 3 ቀዳዳ መነሳት አይችሉም።

ከሁሉም በላይ ሰው ሲያሠቃይ ያየሁት የአነሳስ ስልት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሳበት መንገድ፣ መደባለቅ ነው። በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ሁለት አነሳስ ያውቃሉ፤ በቅንብሩ ውስጥ «ሌጋሲ» ተብሎ የሚጻፈው አሮጌው ባዮስ እና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ዊንዶውስ በአንዱ ተጭኖ ሳለ ሊኑክስን በሌላው ከጫኑት፣ ሁለቱም በየራሳቸው ደህና ሆነው እያሉ የሊኑክሱ የመምረጫ ገጽ ዊንዶውስን ማስነሳት ያቅተዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ዊንዶውሱ ጠፋ ብለው ይደነግጣሉ። አልጠፋም። ፍላሹ በየትኛው ስልት እንደተነሳ ሳይጭኑ ማወቅ ይቻላል፦ ከፍላሹ በተነሳው ሊኑክስ ውስጥ «ሲስ» በሚባለው ማኅደር ሥር «ፈርምዌር» የሚል አለ፤ በእርሱ ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚል ማኅደር ካገኙ የተነሱት በዩኢኤፍአይ ነው፤ ካላገኙ በባዮስ። ዊንዶውሱ ከተጫነበት ጋር እስኪገጥም ድረስ የመጫኛውን ቁልፍ አይንኩ።

ዊንዶውስን ሳይሰናበቱ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚፈልጉ ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለባቸው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው «ፈጣን አጀማመር» ኮምፒውተሩ የተዘጋ ሲመስል ከፊሉን እንቅልፍ ውስጥ ይተወዋል፤ በዚህ ሁኔታ ዊንዶውሱ የያዘውን የዲስክ ክፍል መጠን መቀየር አደገኛ ነው። ያጥፉት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ሰነድዎን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ደግሞ ማንም የማይከራከርበት ግዴታ ነው።

ማስጫኛው ተነስቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ሰዎች ፍላሹን ደጋግመው ይጽፋሉ። ችግሩ ፍላሹ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የቆየ ኤንቪዲያ ካለ። በመጀመሪያው መምረጫ ገጽ ላይ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጭነው «ሊኑክስ» ከሚለው ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጨምሩ። ይህ ግን ጊዜያዊ ድጋፍ ነው። ትክክለኛው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከተጫነ በኋላ እንዲቆይ መተው ስክሪኑን ዘገምተኛ ያደርገዋል።

ዋይፋይ የሚጠፋባቸውም አሉ፤ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች በዚህ ይታወቃሉ። ከመጫንዎ በፊት በፍላሹ ላይ ሞክረው ይዩ፤ ካልሠራ ኬብል ወይም ከስልክ በዩኤስቢ የሚመጣ ኢንተርኔት ያዘጋጁ።

2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ኖም የሚባለውን ከባድ ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየውን ክፍል) መምረጥ በደል ነው እላለሁ። ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ይበቃዋል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ከተቻለ ከየትኛውም የቅንብር ለውጥ የበለጠ ያፈጥነዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሙሉ የፈጀብኝን ልንገራችሁ። ጭነቱ አልቋል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ነገር ግን አንድም ፕሮግራም አይወርድም፣ ድረ ገጾችም «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ይመልሱኛል። ኔትወርኩን ስመረምር ቆይቼ በመጨረሻ ቀኑን አየሁ፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች። የድረ ገጾች የደህንነት ማረጋገጫ በቀን ስለሚሠራ፣ ቀኑ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይዘጋል። አሁን አሮጌ ላፕቶፕ ስከፍት ከሁሉም አስቀድሜ የባዮስ ቅንብር ውስጥ ገብቼ ሰዓቱን አያለሁ፤ ላፕቶፑን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ ስሰካው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ባትሪዋን ቀይሬ ነው ፍላሹን የማነሳው።