ከአቦል በፊት ተለኩ፦ ቁርጥማት ላለባችሁ

መገጣጠሚያ የሚያሳብጠውን ሕመሜን ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል፤ እኔ ቁርጥማት ነው የምለው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰኞ ገበያ በርበሬ ስሸጥ ጣቶቼ ሲያብጡ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ገዝቼ እውጥ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝም «ደሴ ውስጥ ማን የማያለከልክ አለ?» ብዬ ተውኩት። ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ወርጄ በሜዳው ስሄድም ሲያጥረኝ ግን ደነገጥኩ። ግፊቴ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ።

«እትዬ፣ መገጣጠሚያሽን የሚያሳብጠው ብግነት የደም ስርንም ይጎዳል» አለኝ ሐኪሙ። እንደኔ ያለው ሰው ለልብ ሕመም ያለው ስጋት ከሌላው 1.5 እጥፍ ገደማ ነው።

ግፊት የምትለኩት ከአቦል በፊት ይሁን፤ ቡና ከጠጣችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግር ሳታነባብሩ፣ ሳታወሩ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። (አለማውራቱ ነው ለኔ የከበደኝ።) ክንዳችሁ ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ይረፍ። በጋቢና በሹራብ ላይ መለካት ዋጋ የለውም። ጣቴ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዴ ላይ ማጥበቅ ስለማይችል የልጅ ልጄ ታስርልኛለች። በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና ሁለቱንም ጻፉ። ደብተሩን ለሐኪም አሳዩ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ ልብም ላይ ይከብዳሉ። የምትወስዱ ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። ለቁርጥማት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎንም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ግን በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙት፣ አደጋ አለው። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ነው።

ሜቶትሬክሴት የሚባለው የቁርጥማት መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ በየቀኑ ቢወሰድ ይመርዛል። የኔ ቀን ሰኞ ነው፣ ገበያው ያስታውሰኛል። ሕመሙ ሲበርድ «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥም ብግነቱን መልሶ መጥራት ነው።

ኮሌስትሮል የምትመረመሩት ቁርጥማቱ ጋብ ሲል ነው። ሲነሳ ቁጥሩ ወርዶ ይታያልና ያታልላል። ሲጋራ ያለው ሰው ያቁም፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ደረት ተጨንቆ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ ከዘለቀ፣ ላብም ካጠመቃችሁ «ቁርጥማቴ ነው» ብላችሁ ቅባት አትቀቡ። በእግር ዳገት አትውጡ፤ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ በባጃጅ ሆስፒታል ሂዱ።