ጫማ ከሰቀሉ በኋላ፦ በወሎ ሜዳዎች ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት

የአሰልጣኝነት ትምህርት የሚጀመረው ገና እየተጫወቱ ነው። መነሻው የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ ነው፤ ሲ፣ ቢ እና ኤ ይከተላሉ። የትኛው ሊግ የትኛውን ላይሰንስ እንደሚጠይቅ ከመፈረምዎ በፊት የውድድሩን ደንብ ያንብቡ። እስከዚያው የሰፈር ታዳጊ ቡድን ይያዙ። ሃያ ልጅ ጠብቀው አሥራ አንድ ሲመጣ፣ ኳሱም አራት ብቻ ሲሆን ልምምድን እዚያው ሜዳ ላይ መለወጥ የሚለመደው እዚህ ነው።

ሲፈርሙ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን፣ የጉዞ አበልና የተጎዳ ተጫዋች የሚታከምበትን ወጪ በጽሑፍ ያስፍሩ። በከተማ በጀት የሚተዳደር ቡድን ከሆነ ዓመቱ የሚዞረው ሐምሌ 1 ስለሆነ፣ የተጫዋች ጥያቄዎን ከዚያ በፊት ያስገቡ።

እየተጫወቱ ማሰልጠን የሚቻል ነገር ነው። ናይጀል ክላፍ በ1998 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙን በርተን አልቢዮን የያዘው በተጫዋች አሰልጣኝነት ነበር፤ ቡድኑ ያኔ ከእንግሊዝ አራቱ የሙያ ሊጎች ውጭ ነበር፤ እሱም ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። አደጋው ሜዳ ውስጥ ሆኖ ጨዋታውን ማየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ለረዳትዎ እርስዎንም ጭምር የመቀየር ሥልጣን ይስጡት፤ ይህንንም ለቡድኑ በግልጽ ይንገሩ። የትናንት ጓደኞችዎ በቅጽል ስም ቢጠሩዎት አይከፉ። ተሰላፊ ስትመርጡ ግን ከአንዱ ጋር ሻይ ጠጥቶ የመጣ አሰልጣኝ መምሰል ቡድን ይከፋፍላል፤ የቀረውን ልጅ ለብቻው ጠርተው ምክንያቱን ከጨዋታው በፊት ይንገሩት።

ጨዋታ እሑድ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ማክሰኞና ረቡዕ ያድርጉ። 30 በ20 ሜትር አጥረው አራት ለአራት ያጫውቱ፤ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ አምስት ዙር። ዓርብ ለ20 ደቂቃ የቆመ ኳስ (የቅጣትና የማዕዘን ምት) ብቻ ይሥሩ፤ ይህንንም ከጁምዓ ሰዓት ጋር አያጋጩ። በታችኛው ሊግ ነጥብ የሚጣለው በቆመ ኳስ ላይ ነው። የማዕዘን ምት ሲከላከሉ አንድ ሰው ለኳሱ በሚቀርበው የግብ ቋሚ፣ ሦስት በአምስት ከሃምሳው (በትንሹ ሳጥን) ውስጥ፣ አራት የተጋጣሚን ረጃጅም ተጫዋቾች ይያዙ፤ አንድ በአሥራ ስድስት ከሃምሳው (በትልቁ ሳጥን) ጫፍ፣ አንድ ከፊት ይቅር። ጫፍ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ኳሱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተመለሰችውም ኳስ በቀጥታ ወደ ግብ ትመታለች።

ከፍታውን አይናቁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለች። አየሩ ስስ በሆነበት ኳስ ይርቃል፤ ቆላ ሲወርዱ ያው ምት አጥሮ ይወድቃል። ግብ ጠባቂዎ ከጨዋታው በፊት 15 ደቂቃ ረጅም ምትና ተሻጋሪ ኳስ ብቻ ይለማመድ። ከቆላ ወደ ደሴ ሲወጡ ደግሞ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ተጋጣሚን በሜዳው አፋፍኖ መያዝን ይተዉ፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከዕረፍት በኋላ የሚሮጥ እግር አይገኝም።

በወሎ ቡድን ውስጥ የሚጾመው ሁሉም ነው፤ ጊዜው ይለያያል እንጂ። በረመዳን ልምምዱን ወደ 50 ደቂቃ ያሳጥሩና ከአፍጥር ግማሽ ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ልጆቹ ታጥበው በሰዓቱ ተምራቸውን እንዲቀምሱ። በዓቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለ55 ቀን ስለሚቀሩ የቡድኑ ምግብ በምስር፣ በሽሮና በባቄላ ይጠንክር። ሁለቱ ጾሞች በተገናኙበት ዓመት ከባድ ሩጫን ጨርሶ ያስቀሩ፤ በኳስ የሚሠራ አጭር ልምምድ ይበቃል።

የነጥብ ሰንጠረዡን ሲያዩ የግብ ልዩነትን ከመጀመሪያው ሳምንት ይቁጠሩ። አሰልጣኝ ጋሬዝ ኤይንስዎርዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ዊኮምብን ከእንግሊዝ አራተኛው ሊግ እንዳይወርድ ያተረፈው በመጨረሻው ቀን ቶርኪን 3 ለ 0 አሸንፎ፣ እኩል 50 ነጥብ ከነበረው ብሪስቶል ሮቨርስ በሦስት ግብ ልዩነት በልጦ ነው። በ2020 ያንኑ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ አስገባው። እናም በ80ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 እየተመሩ ከሆነ አራተኛ አጥቂ አያስገቡ፤ ትኩስ አማካይ አስገብተው መሐሉን ይዝጉ።