ደቮራኒት ልታዩ ስትወጡ እነዚህን ተዉልኝ

የካቲት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ያቺ ንብ የምትመስለው አበባ ወጣች ወይ?» ይሉኛል። የዱር ኦርኪድ ናት፤ በዕብራይስጥ ደቮራኒት ትባላለች፣ ደቮራ ንብ ማለት ነው። እኛ ጋ እስራኤል ውስጥ ካርሜል ተራራ፣ ገሊላና ኢየሩሳሌም ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች ላይ ትበቅላለች። ሰው ወስጄ ማሳየት እወዳለሁ። ግን በየዓመቱ ያው ጥፋት ሲደገም አንጀቴ ያርራል።

መጀመሪያ፣ ትልቅ አበባ አትጠብቁ። ሱቅ የሚሸጠውን ኦርኪድ በልባችሁ ይዛችሁ ከመጣችሁ አልፋችኋት ትሄዳላችሁ። ንብ የሚመስለው ከንፈሯ፣ ማለትም የታችኛው የአበባ ቅጠሏ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ተንበርከኩ። ቡናማ ነው፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ፀጉር አለው፣ መሃሉ ያብለጨልጫል።

ስትንበረከኩ ደግሞ ጉልበታችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ። ያላበበችው መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠል ብቻ ናት። አንዷን ፎቶ ለማንሳት አምስቱን የጨፈለቀ ሰው አይቻለሁ።

አሁን ልቆጣ ነው፤ ነቅሎ መውሰድ! አንድ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ ሁለት ሰዓት አብሮኝ ሲሄድ ቆይቶ፣ አበባዋን ሲያይ ከቦርሳው የሾርባ ማንኪያ አወጣ። «በረንዳዬ ላይ ያምርባታል» አለኝ። ከቤቱ አስቦበት ነው የመጣው!

ስሙኝ። ከሥሯ ሁለት ትናንሽ ድንች መሳይ ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘንድሮውን አበባ እየመገበ ይሟሽሻል፣ ሌላኛው ለከርሞ ስንቅ ይሞላል። ባበበችበት ሰዓት ስትነቅሏት ስንቁ ገና አልሞላም። ዘሯም እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ውስጡ ምግብ የለውም። አፈር ውስጥ የሚመግባት ፈንገስ ካላገኘች አትበቅልም፤ ብታገኝም እስክታብብ ዓመታት ይፈጃል። እናንተ የምትገዙት የከረጢት አፈር ውስጥ ያ ፈንገስ የለም። በዚያ ላይ እዚህ አገር የዱር ኦርኪድ በሙሉ በሕግ የተጠበቀ ነው።

ከየት አወቅሽ አትበሉኝ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዷን በእርጎ ባልዲ ተከልኩ። በጋውን ሙሉ ደርቃ መተኛት እንዳለባት ስላላወቅሁ በየቀኑ ውኃ አጠጣኋት። መስከረም ላይ አፈሩን ገለበጥኩት። የቀረው በጣቴ ስነካው የሚፈርስ፣ የሚሸት ነገር ነበር።

ካሜራ ደግናችሁ ማር ልትቀስም የምትመጣ ንብ አትጠብቁ፤ አበባዋ የሚላስ ነገር የላትም። ደቮራኒቶች የሚጠሩት ወንዱን ነው፣ ያውም የቀፎውን ሳይሆን ለብቻው የሚኖረውን የዱር ንብ። የሴቷን ሽታ አስመስለው ያወጣሉ። ወንዱ ሚስት ያገኘ መስሎት ይወርድባታል፣ ይታገላል፣ ከዚያ ቢጫ የአበባ ብናኝ ኳስ ተለጥፎበት ባዶ እጁን ይሄዳል። ቀጥሎ ሌላዋ ታሞኘዋለች። ፑያን የሚባል አልጄሪያ የነበረ ፈረንሳዊ ዳኛ ይህን ለዓመታት ሲከታተል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1916 አሳትሞታል። ዳኛ ሆኖ ስንት የማታለል ወንጀል አይቶ ይሆን እያልኩ እስቃለሁ።

ከደቮራኒቶች አፒፌራ የምትባለው፣ ዘግይታ የምታብበው ግን ወንዱንም አትጠብቅ። ብናኟ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወርድና ነፋስ ሲወዘውዘው እዚያው እሷው ላይ ይለጠፋል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ኦርኪድ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አንስቶ ግራ ገብቶት ነበር። እኔ ይህን ሳላውቅ እሷ ፊት ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ።

ፎቶ ስትለጥፉ ቦታውን አትጻፉ። ማንኪያ የያዘው ሰውዬም ስልክ አለው።

መቅጠፍም አለ፣ እዚህ ላይ ግን መቆጣት አልችልም። አንድ ቀን አክስቴን ካርሜል ወሰድኳቸው። ዞር ስል ሦስት ደቮራኒት በእጃቸው ይዘዋል።

«እትዬ፣ ኧረ ክልክል ነው!»

«አበባ ደግሞ ክልክል አለው እንዴ ልጄ? ለማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ምን ልበል? ጎንደር ሲያድጉ በእንቁጣጣሽ አደይ ቀጥፎ ለጎረቤት መስጠት ወግ ነው። አደይ ዘሩን ሜዳ ሙሉ በትኖ በዓመቱ ይመለሳል። ይህቺ እንደዚያ እንዳልሆነች ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አበቦቹን መሐረባቸው ውስጥ ጠቀለሏቸው። አሁን ስንወጣ ከሁሉም ቀድመው የሚያዩዋት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና ወደ አበባዋ የሚጠጋውን ሁሉ «ተው፣ ልጄ!» ይላሉ።