በደሴና በኮምቦልቻ ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው ሮጠው እንዲጫወቱ እንዴት ማመቻቸት ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክረው ዓይነት ደግሞ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲኖርበት ይመክራል። ድርጅቱ ከ146 አገሮች ያሰባሰበው የ2016 መረጃ እንደሚያሳየው ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ታዳጊዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚህ መጠን በታች ነበሩ፤ ልጃገረዶችም ከወንዶቹ የባሰ ወደኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከስልክ አልነሳ ሲላቸው ስንፍና ያደርጉታል። እኔ ግን ቦታ፣ የተፈቀደ ሰዓትና አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ አግኝቶ እያለ ቁጭ ማለትን የሚመርጥ ጤነኛ ልጅ እጅግ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ልጁን ከመገሠጽ ሳይሆን እነዚህን ሦስቱን ከማሟላት ነው።

1. የልጁ ሰዓት የት እንደሚሄድ ይወቁ

ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ እስኪተኛ ድረስ ምን ሲሠራ እንደዋለ በደብተር ይመዝግቡ። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀን ነጻ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤት ሥራው፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ፣ የቁርአን ወይም የቄስ ትምህርቱ፣ ሱቅ መላላኩና ታናናሾችን መጠበቁ ሲደመሩ ለጨዋታ የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ወላጁን ራሱን ሊያስደንቀው ይችላል። በቤቱ ውስጥ ወንድና ሴት ልጆች ካሉ የሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ልዩነቱ ከታች ለምንመለስበት ጉዳይ ይጠቅማል።

2. ለጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ፤ ካልተገኘም ጨዋታውን ለቦታው ያስማሙ

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቶቿ በተዳፋት ላይ የተደረደሩ በመሆናቸው ለልጅ የሚበቃ ሜዳ በቀላሉ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ከተማዋን ስለሚያቋርጥ ያመለጠች ኳስ ልጁን ተከትሎ እንዲወርድ እያደረገች ወደ መኪና ልታደርሰው ትችላለች። በኮምቦልቻ መሬቱ ሰፋና ዘርጋ ያለ ነው፤ እዚያ ይበልጥ የሚያሠጋው የጭነት መኪናውና የባጃጁ ምልልስ ነው።

ከቤትዎ በእግር ከ5 ደቂቃ በማይርቅ ክልል ውስጥ ልጆቹን ይዘው ይዙሩ። የተመረጠው ቦታ ተሽከርካሪ የማይበዛበት፣ ክፍት የውኃ መውረጃ ቦይ ወይም ገደል የሌለበትና ቢያንስ ከአንድ ቤት ደጃፍ በግልጽ የሚታይ መሆን አለበት። ስፋቱ ብዙ ሊያሳስብ አይገባም፤ ለሱዚ፣ ለገመድ ዝላይና ለሰኞ ማክሰኞ ጥቂት ሜትር ይበቃል፣ ለአባሮሽና ለድብብቆሽም አንድ የውስጥ መንገድ በቂ ነው። ኳስ የግድ ከሆነ በተዳፋት ላይ የጨርቅ ኳስ ከላስቲኩ ይሻላል፤ ብዙ ስለማይነጥርና ርቆ ስለማይንከባለል ልጆቹ እርሱን ለማምጣት ቁልቁል አይሮጡም።

ከሁሉም የተሻለው ሜዳ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ የሚውለው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ርእሰ መምህሩን ብቻዎን ሄደው ከመጠየቅ ይልቅ ጉዳዩን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ያቅርቡ። ፈቃድ የሚከለከለው ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን መስኮት ቢሰበር ወይም ልጅ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ስላልተመለሰ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚገኙት አዋቂዎች እነማን እንደሆኑ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩና ቁልፉን ማን ለጥበቃው እንደሚመልስ በጽሑፍ ይዘው ይሂዱ።

3. ሰዓቱንና ጠባቂውን ይወስኑ

ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው አንድ ቋሚ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከ10:30 እስከ 12:00፣ የልጆች ሰዓት እንዲሆን ይስማሙ። ልጆች በተለያየ ጊዜ ከቤት ከወጡ ጓደኛ ያጣው ቶሎ ይመለሳል፤ አብረው ከወጡ ግን ጨዋታው ራሱ ያቆያቸዋል። የጥበቃውም ተራ አዲስ ሸክም መሆን የለበትም። በሠፈራችን ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና መጠጣቱ ያለ ነውና ባለተራዋ ጀበናዋን ልጆቹ ከሚታዩበት ደጃፍ ላይ ብታደርገው አንድ ዐዋቂ ዐይን ሁልጊዜ በመንገዱ ላይ ይኖራል። ለባጃጅ ነጂዎችም መቆሚያቸው ድረስ ሄዶ ሰዓቱን መንገርና በዚያ መንገድ ቀስ ብለው እንዲያልፉ በአክብሮት መለመን ተገቢ ነው።

ጠባቂው አሠልጣኝ እንዳይሆን እጠይቃለሁ። ምን እንደሚጫወቱ፣ እንዴት እንደሚከፋፈሉና ሕጉ ምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ መሮጥ የሚያቅተው ልጅ ሲኖርም ለእርሱ የሚስማማ ሕግ እንዲያወጡ ዕድሉን ይስጧቸው። አዋቂው ጣልቃ የሚገባው አደጋ ወይም ጥቃት ሲያይ ነው።

4. የሴት ልጆችን ሰዓት ከሥራ ያስከብሩ

ይህ ከሁሉም የሚከብደውና በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል ነው። ወንዱ ኳሱን ይዞ ሲወጣ እኅቱ ዕቃ ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፤ ዕድሜዋ ከፍ ሲል ደግሞ «አድገሻል» ተብላ ጨዋታው ጭራሽ ይቀርባታል። ቀደም ሲል የጻፉትን ደብተር ገልጠው የቤቱን ሥራ ለወንዱም ለሴቷም እንደገና ያካፍሉ፤ በልጆች ሰዓትም ለማንም ሥራ እንዳይታዘዝ ያድርጉ። ከወንዶቹ ጋር መጫወት የማይፈቀድላት ወይም የምትሸማቀቅ ከሆነ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሴቶች ብቻ ሰዓት ይመድቡ። ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስና ሒጃብን አጥብቆ ማሰር ለመዝለልና ለመሮጥ ነጻነት ይሰጣል። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት በቅርብ መኖሩም የወር አበባ ላየች ልጅ ከቤት ለመውጣትና ላለመውጣት ወሳኝ ሊሆን ይችላል። ሱዚንና ገመድን እንደ ተራ ጨዋታ የሚንቅ ሰው ቢኖር አጥንትን የሚያጠነክረው በትክክል እንዲህ ያለው መዝለል መሆኑን ያስረዱት።

5. ስልክና ቴሌቪዥን ከጨዋታው በኋላ ይምጡ

ስልክን ፈጽሞ መከልከል ጠብ ከማብዛት በቀር ብዙም አይጠቅምም። ቅደም ተከተሉን መቀየር ግን ይረዳል። ሩጫንም የቅጣት መሣሪያ አያድርጉት።

6. ከአየሩ ጋር ይስማሙ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል በአብዛኛው ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። ስለዚህ በኮምቦልቻ ቀትሩን ትቶ ጧት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ መጫወት ይሻላል፤ በደሴ ግን ፀሐይ ያለባቸው ሰዓታት የተሻሉት ናቸው። ከቆላ አዲስ የመጣ ልጅ በደሴ ዳገት ላይ ቶሎ ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል ለጥቂት ቀናት በዝግታ ይለማመድ። አስም ያለበት ልጅም ከጨዋታ መገለል የለበትም፤ ይልቁንም ሐኪም ያዘዘለትን የሚነፋ መድኃኒት በቅርቡ ይዞ ይጫወት። በክረምቱ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ በረንዳ ላይ ገመድ መዝለልና በቤት ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ እስክስታ መውረድ ሰውነትን በሚገባ ያሞቃል።

7. ቅሬታ ሲመጣ

ጩኸት የረበሸው አረጋዊ ወይም መስኮቱ የተሰበረበት ጎረቤት ከመጣ ጨዋታው በዚያው ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወላጆች በየወሩ ትንሽ ገንዘብ አዋጥተው ለጥገና ያስቀምጡ፤ ቅሬታ ያቀረበውንም ሰው ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ይጠይቁት። ሰዓቱን ወይም ቦታውን መቀየር ካስፈለገ እርሱንም ጨምረው ይምከሩና ጨዋታው ሳይቋረጥ በሚቀጥለው ቀን በአዲሱ ስምምነት ይቀጥል።