የካሜራ ቅጣት መጣብኝ፤ ቀይ መብራት ግን አልጣስኩም፦ አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ መሀል አዲስ አበባ ብዙ ካሜራ አለ። ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ ስትነዱ ቀና ብትሉ ምሰሶው ላይ ታዩታላችሁ። ድሮ መብራት የጣሰ ሹፌር የሚያስቆመው ጥግ ላይ የቆመው ትራፊክ ነበር። ጥፋተኛም ሁኑ አትሁኑ፣ ነገሩ እዚያው ትኩስ እንዳለ ትነጋገሩበታላችሁ። የካሜራ ቅጣት የሚደርሳችሁ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የዚያን ቀን የት እንደነበራችሁ እንኳ ልትረሱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ክርክሩ የወረቀትና የፎቶ ክርክር ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን የምጽፈው በእውነት ላላጠፋ ሰው ነው። ቀይ ጥሳችሁ ከሆነ ክፈሉ። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ዜብራ ላይ የቆመች እናት ልጇን ይዛ የምትሻገረው መብራቱን አምና ነው። ካሜራው እንዲከበር የምንፈልግ ሰዎች ደግሞ ስህተት ሲሠራ እንዲታረም መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ ፎቶውን እዩ

መልእክቱ ወይም ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ሁለት ነገር አታድርጉ። ተናዳችሁ ቢሮ አትሂዱ፤ ነገሩ ይለቀኝ ብላችሁም ወዲያው አትክፈሉ። ከፍላችሁ ስታበቁ "አላጠፋሁም" ማለት በጣም ይከብዳል፤ መክፈል እንደ ማመን ይታያል።

የደረሳችሁ አጭር መልእክት ሊንክ ካለው አትንኩት። በቅጣት ስም ገንዘብ የሚለቅሙ አጭበርባሪዎች አሉ። የቅጣቱን ቁጥርና የታርጋችሁን ቁጥር ይዛችሁ፣ ቅጣቱን የጻፈው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ። እዚያም የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ "ፎቶውን ማየት እፈልጋለሁ።" በትህትና ጠይቁ፣ ግን ሳታዩ አትመለሱ። ቪዲዮ ካለም እሱን ጠይቁ። ፎቶውን ማንሳት ከተፈቀደላችሁ በስልካችሁ አንሱት።

አሁን ፎቶው ላይ ምን ትፈልጋላችሁ? የቀይ መብራት ካሜራ ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ ከበራ በኋላ መኪና የማቆሚያ መስመሩን ሲያልፍ ያነሳል። በደንብ የተያዘ ማስረጃ ቢያንስ ሁለት ፎቶ ይኖረዋል። አንዱ ቀይ በርቶ መኪናው ገና ከመስመሩ ጀርባ ሳለ ነው፤ ሁለተኛው መስቀለኛ መንገዱ ውስጥ ገብቶ። ከነዚህ ሌላ ታርጋውን አጉልቶ የሚያሳይ ፎቶ መኖር አለበት።

የመጀመሪያው ፎቶ ለምን ያስፈልጋል? መኪናችሁ መሀል መንገድ ላይ፣ መብራቱም ቀይ ሆኖ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብቻውን መቼ እንደገባችሁ አይናገርም። በአረንጓዴ ገብታችሁ ከፊታችሁ ያለው ሰልፍ ስላልተንቀሳቀሰ መሀል ላይ ቀርታችሁ ይሆናል። ከቀኑ 11 ሰዓት ሜክሲኮ ወይም ለገሃር የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገድ መዝጋት ራሱ ጥፋት ነው፤ ግን ሌላ ጥፋት ነው። የተቀጣችሁት ቀይ በመጣስ ከሆነ ማስረጃውም ቀይ ስትጥሱ ማሳየት አለበት።

ታርጋው የእናንተ ነው?

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ብዙ ስህተት የሚደበቀው እዚህ ነው።

የለመድነው ታርጋ ቁጥር ብቻ አይደለም። ኮድ አለው፣ የክልል ፊደል አለው፣ አንዳንዱ ከቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል አለው። ተመሳሳይ አምስት አኃዝ ያላቸው የኮድ 2 እና የኮድ 3 መኪኖች በአንድ ከተማ ሊነዱ ይችላሉ። አንዱ አአ፣ ሌላው ኦሮ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አንብቦ ኮዱን የሳተ ሰው ወይም ሶፍትዌር ቅጣቱን ሌላ ሰው ላይ ይጥላል።

በለመድነው ታርጋ ቀለሙ ይረዳል፦ ኮድ 1 ታክሲ ቀይ፣ ኮድ 2 የግል ሰማያዊ፣ ኮድ 3 የንግድ አረንጓዴ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ጥቁር፣ ኮድ 5 ብርቱካናማ። የማታ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያነሳው፤ ቀለሙ ይጠፋል። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በጭቃ ወይም በመብራት ነጸብራቅ ይመሳሰላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ግማሹ ታርጋ ጭቃ ነው።

ስለዚህ ታርጋውን በአኃዝ በአኃዝ አንብቡ። ከዚያ መኪናውን ራሱን እዩ። ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ ፖርቶ ባጋጅ መኖሩ፣ የኋላ መስታወት ላይ የተለጠፈው ነገር፣ የተጋጨ ፓራውልት። የእናንተ ቪትዝ ሆና ፎቶው ላይ ያለው ኮሮላ ከሆነ ሌላ ክርክር አያስፈልጋችሁም። የራሳችሁን መኪና ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንስታችሁ ከሊብሬ ኮፒ ጋር አያይዙ። ታርጋ የቀየራችሁ ከሆነም የቀየራችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ሰዓቱና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ሊመዘግብ ይችላል፤ እኛ በሀበሻ ሰዓት እናስባለን። በመሀሉ 6 ሰዓት አለ። ፎቶው ላይ 02:40 ቢል ጠዋት 2፡40 ማለት አይደለም፤ ከሌሊቱ 8፡40 ነው። 14:40 ደግሞ ከቀኑ 8፡40 ነው። "ጠዋት 2፡40 ቢሮ ነበርኩ" ብላችሁ የፊርማ ወረቀት ብታመጡ፣ ጥፋቱ የተመዘገበው ሌሊት ከሆነ ማስረጃችሁ ዋጋ የለውም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 15/03/2025 መጋቢት 6 ቀን 2017 ነው። 05/06/2017 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ በእኛ የካቲት 5 ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ ሁለቱንም በማስታወሻችሁ ጻፉ።

ከዚያ የዚያን ሰዓት የት እንደነበራችሁ ፈልጉ። ስልካችሁ ብዙ ያውቃል። የቴሌብር ክፍያ ሰዓት አለው። የጉዞ መተግበሪያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ ጉዞ ከተነሳበት እስከ ወረደበት ተመዝግቧል። የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የነዳጅ ክፍያ ሁሉ ይጠቅማል። ዳሽ ካሜራ (መኪና ውስጥ ተገጥሞ መንገዱን የሚቀርጽ) ያላችሁ ደግሞ አዲስ ቅጂ ሳይተካው ቪዲዮውን ቶሎ አውጡት።

መኪናው የእናንተ ነው፣ ግን መሪው ላይ ሌላ ሰው ነበር

ካሜራ የሚያውቀው ታርጋ ነው፤ ታርጋው ደግሞ የሚያደርሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ጋ ነው። መኪናችሁን ለሹፌር ሰጥታችሁ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ማን እንደነዳ የሚያሳይ ውል ወይም የመረከቢያ ወረቀት ይኑራችሁ። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ኮፒም እጃችሁ ላይ ይሁን። መኪና ለሰው የምትሰጡ ሁሉ ይህን ከቅጣቱ በፊት ልመዱት።

ከዚህ የባሰው የተሸጠ መኪና ነው። በውክልና ሸጣችሁ፣ ገዢው ስም ሳያዛውር ለሌላ ሸጠ፣ ያም ለሌላ። ሊብሬው አሁንም በእናንተ ስም ነው። ቅጣቱ ሲመጣ ስልኩ የሚጮኸው የእናንተ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት መኪናቸውን ከሸጡ ዓመታት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው ሲንከራተቱ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። የሚያድናችሁ በውልና ማስረጃ የተፈረመው የሽያጭ ውልና ገዢው መኪናውን የተረከበበት ቀን ነው። ውሉን ፈልጋችሁ አያይዙ፣ ገዢውንም ደውላችሁ አግኙት። ስሙ እስካልተዛወረ ድረስ ቀጣዩም ቅጣት ወደ እናንተ ይመጣልና፣ አቤቱታውን እያስገባችሁ የስም ዝውውሩንም ጀምሩ።

ቀይ ነበር፣ ግን ትራፊኩ እለፍ ብሎኛል

መሀል ከተማ ይህ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ የሚሰጠው ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። አጀብ ሲያልፍ፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትራፊኮቹ መስቀለኛ መንገዱን በእጃቸው ይይዙታል። ካሜራው ግን ቀዩን ብቻ ያያል።

እንዲህ ከሆነ ፎቶው ላይ ጥግ ጥጉን እዩ። ነጭ ኮፍያ ወይም አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ቆሟል? ከእናንተ ጋር ሌሎች መኪኖችም በቀይ እያለፉ ነው? አምስት መኪና በአንድ ላይ በቀይ ካለፈ ያ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዚያን ቀን መንገድ እንደሚዘጋ የወጣ ማስታወቂያ ካለ አትሙት። ለአምቡላንስ ወይም ለእሳት አደጋ መኪና መንገድ ስትለቁ መስመሩን አልፋችሁ ከሆነም ቪዲዮው ከኋላችሁ የመጣውን ያሳያል። ስለዚህ ከፎቶው በፊትና በኋላ ያለውን ቪዲዮ ጠይቁ።

ቢጫው ስንት ሰከንድ ነው?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ ቢጫውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ከዚያም ሳይደነግጥ ቢይዝ፣ እስኪቆም 45 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት ቢጫው ከ3 ሰከንድ በላይ ካልቆየ በቅርብ ያለ ሰው መቆምም ማለፍም አይችልም። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማዋ ዋና ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት፣ ቢጫው ከ3 ሰከንድ በጥቂቱ አንሶ 77,000 ያህል ቅጣት መጻፉ ታውቋል። ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ ናት ልዩነቷ።

ስለዚህ በቢጫ ገብቻለሁ ካላችሁ በእግራችሁ ሂዱና እግረኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ ቢጫውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። አንዴ አይበቃም፤ አሥር ዙር ቅረጹ። ቤት ገብታችሁ እያቆማችሁ ቁጠሩት። ሲነዱ መቅረጽ አይታሰብም። ቢጫው በቂ ሆኖ ካገኛችሁት ይህን ነጥብ ተዉት፤ ደካማ ነጥብ ጠንካራውን ያበላሻል።

ማመልከቻው

አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ዓመት ያለ ጥፋት እንደነዳችሁ፣ ኑሮ እንደተወደደ አትጻፉ። የሚወስነው ሰው የሚፈልገው ፎቶው ለምን እንደማያስቀጣችሁ ነው። በዚህ መልኩ መጻፍ ይቻላል፦

ቀን፦ ............

ለ፦ (ቅጣቱን የጻፈው መሥሪያ ቤት)

ጉዳዩ፦ በስህተት የተመዘገበ የካሜራ ቅጣት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ ... አአ ... የሆነው ተሽከርካሪዬ በቀን ... ከ... ሰዓት ላይ ... በሚገኘው የትራፊክ መብራት ቀይ ጥሷል ተብሎ በቁጥር ... ቅጣት ተመዝግቦብኛል። ለማስረጃ የቀረበውን ፎቶ ተመልክቻለሁ። በፎቶው የሚታየው ተሽከርካሪ ሰሌዳ ኮድ 3 ሲሆን የእኔ ኮድ 2 ነው። የሊብሬዬን ኮፒና የመኪናዬን ፎቶ ... ገጽ አያይዣለሁ። ስለሆነም ማስረጃው በድጋሚ ታይቶ ቅጣቱ እንዲሰረዝልኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

ሁለት ኮፒ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጋችሁ ያዙ። የገቢ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልገባ ቁጠሩት። በር ላይ "እኔ አስጨርስልሃለሁ" ለሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ወረቀታችሁንም ገንዘባችሁንም አትስጡ። ቅጣቱ ላይ የተጻፈ የመክፈያ ቀን ካለ ደግሞ ከዚያ በፊት አስገቡ፤ አቤቱታው እስኪወሰን ክፍያው መቆሙንም በዚያው ጠይቁ።

ሠራተኛው "አይሆንም" ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና ወደ መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ሂዱ። ያም ካልሠራ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ፍርድ ቤትም አለ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ለማንም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት ይሰጣል። ለአንድ ቅጣት ያን ያህል መሄድ አድካሚ ነው። በሌላ ሰው ታርጋ ምክንያት ቅጣት በላይ በላይ ለሚደራረብበት ሹፌር ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ቅጣቱ ተነስቷል ከተባላችሁ ደብዳቤውን ተቀበሉ። ከቢሮው ሳትወጡም ታርጋችሁን ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። በወረቀት የተሰረዘ ቅጣት ሲስተም ውስጥ ቀርቶ ቦሎ ልታሳድሱ ስትሄዱ እንዳይጠብቃችሁ።